ደመወዙ እኩል፣ መነሻው ለየቅል

ደቡብ አፍሪካ በሥራ ቅጥር እኩልነትን የሚያስገድድ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ከሩብ ክፍለ ዘመን በኋላም፣ ከሥራ ኃይሉ 10 በመቶ የማይሞሉት ነጮች ከፍተኛውን የሥራ አመራር ቦታ ከ60 በመቶ በላይ እንደያዙ የመንግሥት ኮሚሽን ሪፖርቶች ያሳያሉ። «የተሾመው ጥቁር ባለሙያስ ዳጎስ ያለ ደመወዝ እያገኘ ምን ጎደለው?» የሚል አይጠፋም። ደመወዝና ሀብት ግን ለየቅል ናቸው። ጆሃንስበርግ ውስጥ አንድ ቢሮ የሚሠሩ፣ እኩል የሚከፈላቸው ሁለት የሒሳብ ባለሙያዎችን እናስብ። ነጩን ወላጆቹ በቤት መግዣ ቅድመ ክፍያ ያግዙታል፤ ጥቁሩ ደመወዙ እንደገባ የታናሹን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእናቱን አስቤዛና የመብራት ሒሳብ ይሸፍናል። እዚያው አገር ይህን ወጪ «ጥቁር ግብር» ይሉታል።

ዘመድ መርዳት ወግ እንጂ ግብር አይደለም ብለው ስሙን የሚቃወሙ አሉ፤ እውነት አላቸው፣ እኛም ዘንድ ቢሆን ደመወዝ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አያውቅም። ይሁንና የጥቁሩ ባለሙያ ወላጆች ጥሪት ያጡት በስንፍና አይደለም። የ1913ቱ የመሬት ሕግ ከአብዛኛው የአገሪቱ መሬት፣ የ1950ው የመኖሪያ ክልል ሕግ ደግሞ ከከተማው ምርጥ ሰፈሮች አግዷቸው ስለኖረ ነው። ስለዚህ የተሾመውን ሰው ብዛት መቁጠር ብቻ አይበቃም፤ ቤቱና መሬቱ በማን ስም እንዳለም መቆጠር አለበት።