በፍሪዘር ውስጥ ስለሚጋገር በረዶ

ዛሬ የምናገረው በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም፣ በገጠሩም መብራት ገብቶላችሁ ፍሪዘር ላላችሁ ነው።

በግድግዳው ላይ የሚጋገረው በረዶ ብርድ የሚጨምር ይመስላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ እንደ ጋቢ ሆኖ ቅዝቃዜውን ከሥጋው ይከለክላል፤ የመብራት ሒሳብም ያበዛል። ውፍረቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ሲሆን ይቅለጥ።

ለጿሚ ቤት ከሁዳዴ የተሻለ ጊዜ የለም፤ ፍሪዘሩ ባዶ ነውና። ሶኬቱን ንቀሉ፤ በሩን ክፈቱ፤ ከሥር ጨርቅ አንጥፉ፤ ሙቅ ውሃ በሳህን አድርጋችሁ ውስጡ አስቀምጡ። በቢላዋ መፈልፈል ግን ፈጽሞ አይገባም። ቀጭኑ ቧንቧ ከተበሳ ጋዙ ይወጣል፤ ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ዕቃ የልብስ ሣጥን ሆኖ ይቀራል! ሲቀልጥ በሳሙና አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ ሰኩት።

በረዶው የሚሠራው ከእንፋሎትና ከእርጥብ አየር ነው። ስለዚህ ትኩስ ወጥ አታስገቡ፤ ምግቡን ክደኑ፤ ልጆች በሩን ሲከፍቱ እንዳይውሉ። የበሩ ጎማ ከላላ ይለወጥ።

ፋሲካ ደርሶ ሥጋው ከገባ በኋላ መብራት ቢጠፋ በሩን አትክፈቱ። ሙሉ ፍሪዘር 2 ቀን፣ እኩሌታው የሞላ 1 ቀን ያህል ይጠብቃል። ቀልጦና ሞቆ ያደረ ሥጋ ግን፣ ባይሸትም እንኳ፣ ለማንም አይሰጥም።