ስልኩ የማን ነው?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በጤና ሙያ የተሰማራን አባላት ያቀረብነው ንግግር)



 ዛሬ ፊታችሁ የቆምነው በማኅበሩ ውስጥ ያለን ነርሶች፣ አዋላጆችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነን። እንድንናገር የተጠየቅነውም ከረጂዎቻችን በመጣ አንድ ደብዳቤ ምክንያት ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ እህቶቻችን በኮሮና ጊዜ ከቤታቸው ሳይወጡ ሐኪማቸውን በቪዲዮ ያነጋግሩ ነበር። ያንን አይተው፣ «ለእናንተም ታብሌት ገዝተን ብንልክ፣ ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ ያሉ እናቶች መንገድ ሳይደክሙ ቢታከሙ አይሻልም ወይ?» ብለው ጽፈውልናል። ከልብ የመጣ ሐሳብ ስለሆነ እናመሰግናለን። መልስ ከመስጠታችን በፊት ግን በዚያ ክፉ ጊዜ እኛና የሥራ ባልደረቦቻችን ስለ ስልክ ሕክምና ምን እናስብ እንደነበር ልንነግራችሁ ወደድን። «የጤና ባለሙያው አዲስ ነገር ስለማይወድ ነው ነገሩ ያልሠራው» ሲባል በየስብሰባው ሰምተናል። እኛ የምናውቀው ግን ሌላ ነው።

እንደምታስታውሱት የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ወሩ ሳያልቅ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አንድ ሰሞን የአገር አቋራጭ መኪና ቆመ፤ ሲጀምርም በግማሽ መንገደኛ ብቻ እንዲጭን ሆኖ ታሪፉ ጨመረ። ጤና ጣቢያ ከበሽታው መዳኛ መሆኑ ቀርቶ በሽታው የሚሸመትበት ቦታ መሰለ። የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎች ቀጠሯቸውን ተዉ። ነፍሰ ጡሮች ከክትትል ቀሩ። እኛም ማስክ እየቆጠብን፣ ወደ ቤት ስንገባ ልጆቻችን እንዳያቅፉን እየከለከልን ነበር የምንሠራው። በዚህ መሐል ነው «የሚቻለውን ሁሉ በስልክ ጨርሱ» የሚል መመሪያ የመጣው።

ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አልነበረም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከሕንድ ሐኪሞች ጋር በቪዲዮ የሚገናኝበት መሣሪያ የተተከለው በ1999 ዓ.ም. ነው። ወረርሽኙ ሲመጣም ሕዝቡ የሚደውልባቸው 8335 እና 952 የሚባሉ ነጻ መስመሮች ነበሩ። እነዚህ ግን በዋናነት የኮሮና ጥርጣሬን ለመጠቆምና ለመጠየቅ ነበር የሚያገለግሉት። ስድስት ወር የሞላትን ሴት በስልክ መከታተል ከዚያ በጣም ይለያል።

እውነቱን ለመናገር፣ በመካከላችን አንድ ዓይነት አመለካከት አልነበረም። በተመላላሽ ክፍል የምንሠራ ነርሶች ቶሎ ወደድነው። የቆየ ታካሚ፣ መድኃኒቱን የምናውቀው፣ ጠባዩንም የምናውቀው ሰው ከሆነ፣ «እንዴት ነዎት እማማ፣ መድኃኒቱ አላለቀብዎትም? እግርዎ ላይ ቁስል የለም?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ነገር ያቀላል። መድኃኒቱን የሁለትና የሦስት ወር አንድ ላይ ሰጥቶ በመሐሉ መደወል ለሁላችንም እፎይታ ነበር። ከሁሉ የወደድነው ደግሞ ባለሙያ ከባለሙያ ጋር የሚመካከርበትን ነው። የራጅ ወይም የልብ ምርመራ ወረቀት በስልክ አንስቶ በቴሌግራም አዲስ አበባ ላለ ሐኪም መላክ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥም «ላኩት» ወይም «እዚያው ይታከም» የሚል መልስ ማግኘት፤ ይህን የቀመሰ ባለሙያ ዛሬም አልተወውም።

አዋላጆቹ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተጠራጥረው ነበር። አንዷ እህታችን «እኔ የማየው በእጄ ነው፤ ስልኩ እጅ የለውም» አለች። ሆድ ሳይዳሰስ፣ የጽንሱ የልብ ምት ሳይደመጥ፣ ግፊት ሳይለካ የእርግዝና ክትትል ምን ዓይነት ክትትል ነው? በዚህ ላይ የኃላፊነት ነገር አለ። በካርድ ላይ የተጻፈ ምርመራ ይመሰክርልሻል፤ በስልክ የሰጠሽውን ምክር ማን ይመሰክርልሻል? ነገ አንድ ነገር ቢመጣ «እሷ ናት ቤትሽ ቆዪ ያለችኝ» ትባያለሽ። የሞባይል ካርዱም ከኪሳችን ነበር የሚወጣው። አንዳንዶቻችን ደመወዛችን ወር ሳይደርስ እያለቀ፣ ሚስኮል ላደረገች ታካሚ ሁሉ መልሰን እንደውል ነበር። ባትደውይ ኅሊናሽ አያስተኛሽም። ሌሊት ሲደወል ደግሞ በየቤታችን «ማን ነው በዚህ ሰዓት?» የሚል ጥያቄ ነበረብን። የማያገቡም አይምሰላችሁ፤ እናት ከባል በላይ ትጠይቃለች።

በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ከወረርሽኙ በፊትም ሆነ በኋላ ስለዚሁ ጉዳይ ባለሙያዎችን የጠየቁ ጥናቶች አሉ። የእኛን ነገር ይመስላሉ፤ ሐሳቡን የሚጠላ ብዙ የለም፤ ሥልጠናውና መሣሪያው ያለው ግን ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከሁሉ በላይ ያስጨነቀን የመሣሪያው ጉዳይ አልነበረም። ስልኩ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነበር።

በካርዷ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ስንደውል የሚያነሳው ባልዬው ነው። ወይም አማቷ፣ ወይም ጎረቤት፣ ወይም ከቤት ውጭ ያለ ትልቅ ልጅ። «ከጤና ጣቢያ ነው፣ እሷን አገናኙን» ስንል ስልኩ በላውድ ስፒከር ይከፈትና ቤተሰቡ ሁሉ ዙሪያውን ይቀመጣል። በክፋት አይደለም፤ በእኛ አገር የታመመ ሰው ብቻውን አይጠየቅም። ግን አስቡት እስቲ፤ በዚያ መሐል ሴትየዋ ስለ ማሕፀን ፈሳሽ ትናገራለች? የወሊድ መከላከያ መርፌዋ ቀን ማለፉን ታነሳለች? በመኖሪያ ቤት ተዘግቶ በተቀመጠበት በዚያ ወቅት ቢመታትስ ትነግረናለች? «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ ስልኩም ይዘጋል። በመዝገባችን ላይ «በስልክ ታይታለች፣ ደህና ናት» ተብሎ ይጻፋል። ጤና ጣቢያ ብትመጣ ኖሮ በሩን ዘግተን፣ ባልየውን «አባወራ፣ እስቲ ውጭ ይጠብቁን» ብለን አንድ ሁለት ጊዜ ዝም ስንል፣ የሆዷን ትናገር ነበር። የተዘጋ በር ምን ያህል ሕክምና እንደሆነ ያወቅነው ያኔ ነው።

ከእኛ መካከል አንዳንዶቹ ብልሃት አመጡ። «አዎ ወይም አይደለም ብቻ በይኝ» ብለው ጥያቄውን በሙሉ እነሱ ይጠይቃሉ። በአጠገቧ ሰው ካለ «ገበያ ስሄድ እደውላለሁ» እንድትል ይነጋገራሉ። ይህ ብልሃት ግን የሚሠራው ቀድሞ ፊት ለፊት ለምታውቂያት ሴት ነው። በድምፅ ብቻ ያወቅሻት ሴት በድምፅ ብቻ አታምንሽም።

ታዲያ አዋላጆቹን ሐሳባቸውን ያስቀየራቸው ምንድን ነው? አንድ ምሳሌ እንንገራችሁ። በ2012 ክረምት፣ ስምንት ወር የሞላት አንዲት ሴት ከከተማ ራቅ ካለች ቀበሌ ደወለች። «ምች መትቶኝ ነው፣ ራሴን ይዞኛል፣ ዳማከሴ ጠጥቻለሁ» አለች። ድምፅዋ ደህና ነበር። ስልኩን የተቀበለችው አዋላጅ «ዓይንሽን ያጨልምብሻል?» ስትላት «ትንሽ ትንሽ» አለች። እንግዲህ ይህ ምች ይሁን በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት፣ ስልክ ሊነግረን አይችልም። አዋላጇ ወዲያው የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደወለችላት። ልጅቷ የግፊት መለኪያዋን ይዛ በእግሯ ሄደች፣ ለካች፣ እዚያው ሆና ቁጥሩን ነገረቻት፤ 160 በ110። ነፍሰ ጡር ሴት ግፊቷ 140 በ90 ሲደርስ እንኳ መታየት አለባት፤ 160 በ110 ከሆነ የሰዓታት ጉዳይ ነው። የሚጥል በሽታ እንደያዘው ሰው ልትንቀጠቀጥ፣ እሷም ጽንሱም ሊያልፉ ይችላሉ። አምቡላንስ ተጠርቶ ሆስፒታል ደረሰች፤ እሷም ልጁም ተረፉ።

ከዚያ በኋላ ያቺ «ስልኩ እጅ የለውም» ያለችው እህታችን «እጅ ካለበት ግን ይሠራል» ማለት ጀመረች። ጠቅላላ የእኛ አመለካከት እዚህ ላይ ነው የተደላደለው። ወዲያ ማዶ መለካት የምትችል፣ ሴትየዋ የምታምናት ሴት ካለች የርቀት ምክር ሕክምና ነው። ከሌለች ሰላምታ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በየቀበሌው ያሰማራቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሴቶች በመሆናቸው ይህን ሥራ ከማንም በላይ ይችሉታል። ግን ሥራቸው ብዙ ነው፤ የሁሉም ዘመቻ በእነሱ ጫንቃ ላይ ነው።

ስለ ታብሌቱ ደግሞ ይህን ልብ በሉልን። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። ያ ሁሉ የቴሌግራም ምክክር በአንድ ሌሊት ቆመ፤ የቀረልን ተራው የድምፅ ስልክ ነበር። በትግራይ ደግሞ ከጥቅምት 2013 መጨረሻ ጀምሮ እሱም ጠፋ። መብራት የሚጠፋበትን ቀን ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም። ከዚህም ሌላ፣ ውድ ዕቃ ቤት ውስጥ ሲገባ የማን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። በእሷ ስም የተሰጠው ታብሌት በሳምንቱ በባልዬው ወይም በልጁ እጅ ነው የሚገኘው።

ስለዚህ ለረጂዎቻችን የምናቀርበው መልስ ይህ ነው። የማኅበራችን ቤት ጓሮ ያለችው ትንሿ ክፍል፣ አሁን ድስትና በርጩማ የምናስቀምጥባት፣ ትጽዳና የስልክ ክፍል ትሁን። በሯ የሚዘጋ፣ መስኮቷም መጋረጃ ያለው። በውስጧ ሁለት ባለ ቁልፍ ተራ ስልክ፣ ወር በወር የሚሞላ የሞባይል ካርድ፣ ሦስት የደም ግፊት መለኪያና አንድ የስኳር መለኪያ ከነወረቀቱ ይኑር። ከየመንደሩ ሁለት ሁለት አባላት ግፊት መለካትና ቁጥሩን በትክክል ማንበብ እንድንችል እኛው እናሠለጥናለን፤ አበል አንጠይቅም። ሴትየዋ ለቡና ወይም ለዕቁብ መጣች ማለት ለማንም ጥያቄ አያስነሳም። እዚያው ገብታ ትለካለች፣ ከምታውቃት አዋላጅ ጋር ትነጋገራለች፣ የተባለውም ቀኑና ቁጥሩ ተጽፎ በካርዷ ላይ ይሰፍራል። ያ ጽሑፍ ለእሷም ለባለሙያዋም ምስክር ነው።

ሁላችንም በሁሉም ነገር ተስማምተናል ብለን አንዋሽም። ከመካከላችን የመጀመሪያው የእርግዝና ምርመራ በምንም ምክንያት በስልክ መሆን የለበትም የሚሉ አሉ፤ ወረርሽኝም ቢመለስ። እኛ አብዛኞቻችን ከእነሱ ጋር ነን። ምስጢር የምትይዘው የመዝገብ ኃላፊ ማን ትሁን በሚለውም ገና እየተከራከርን ነው፤ ጎረቤት የጎረቤቷን ገመና በምታውቅበት ከተማ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ለጊዜው የተስማማነው መዝገቡ ተቆልፎ እንዲቀመጥ፣ ስም ሳይሆን የካርድ ቁጥር ብቻ እንዲጻፍበት ነው።

የግፊት መለኪያ ስትገዙ እባካችሁ በእጅ የሚነፋውን ከነማዳመጫው እንጂ ባትሪ የሚፈልገውን አትላኩ። የክንዱም ጨርቅ በሁለት መጠን ይሁን፤ ወፍራም ክንድ ላይ ጠባቡ ከታሰረ ቁጥሩን ያለአግባብ ከፍ ያደርገዋል። ክፍሏን የምናጸዳው በሚመጣው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ነው። ድስት ያስቀመጣችሁ ከዚያ በፊት ውሰዱልን።