ነገሩ በአደባባይ ሲወጣ ማን ይናገር? ምንስ ይበል?

በኔታንያ፣ በፖሌግ የኢንዱስትሪ ዞን፣ ለማኅበረሰባችን ሠራተኞች፣ የሥራ ኃላፊዎችና የአነስተኛ ድርጅት ባለቤቶች የቀረበ ንግግር



ከመካከላችሁ ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ነገ ማለዳ ተራ የምትገቡም ስላላችሁ ነገሩን አናስረዝምም።

ይህ የፖሌግ ሰፈር ለብዙዎቻችን በሀገረ እስራኤል የመጀመሪያውን ደመወዝ የተቀበልንበት ቦታ ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ በፋብሪካ መስመር ላይ የሚቆም፣ መጋዘን የሚያስተካክል፣ ቢሮ የሚያጸዳ ወገናችን አለ። ደግሞም ዛሬ ሰው ቀጥሮ የሚያሠራ፣ የጽዳት ሥራ ተኮናትሮ የሚይዝ፣ ሱቅ የከፈተ፣ እንጀራ ጋግሮ የሚያከፋፍል ወገናችንም አለ። የዛሬው ንግግራችን ለሁለቱም ነው። አንድ ድርጅት ጥፋቱ በአደባባይ ሲወጣ መሪው ለሕዝብ ምን ማለት አለበት? ሠራተኛውስ ምን ማድረግ አለበት? ትልልቆቹ ድርጅቶች ለዚህ ምክር ብዙ ገንዘብ ይከፍላሉ፤ ቃል አቀባይም፣ በዕብራይስጥ ዶቬር የሚሉትን፣ ይቀጥራሉ። እኛ ግን የምንናገረው በገዛ ራሳችን ላይ ደርሶ ካየነው ነው።

ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ይባላልና፣ የምንጀምረውም በወይን ጠጅ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. በሰኔ ወር ካን የተባለው የሕዝብ ማሰራጫ አንድ ዜና አሰማ። ባርካን የተባለው፣ በአገሩ ካሉት ትልልቅ የወይን ጠጅ ፋብሪካዎች አንዱ፣ ከኢትዮጵያ የመጡ ሠራተኞቹን ወይኑን ከሚነኩበት ሥራ አንሥቶ ወደ ሌላ ሥራ አዛውሯል የሚል ነበር። ፋብሪካው ያለው በኪቡጽ ሁልዳ ቢሆንም፣ ባለቤቱ ጎልድስታርና ማካቢ ቢራ የሚጠምቀው፣ እዚሁ ኔታንያ የሚገኘው ቴምፖ ነው። ስለዚህ ነገሩ ለእናንተ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ምክንያቱ ምን ነበር? ባርካን ቀድሞውንም የካሽሩት ማረጋገጫ ነበረው። ነገር ግን ለሓሬዲም ገዢዎች ጭምር ለመሸጥ የኤዳ ሓሬዲት ባዳጽን ማረጋገጫ ፈለገ። በሃይማኖቱ ሥርዓት ደግሞ አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው የነካው ወይን ጠጅ አይጠጣም። የቤተ እስራኤል ልጆች ይሁዲነት ያጠራጥራል ተባለና ወገኖቻችን ከወይኑ ራቁ ተባሉ። የድርጅቱ ኃላፊ ይህ የንግድ ጉዳይ መሆኑን ሲያስረዳም ድምፁ ተቀድቶ በማሰራጫ ተሰማ።

አባቶችና እናቶች ሆይ፣ የመንካትና ያለመንካት ሕግ ለእኛ እንግዳ እንዳልሆነ ከማንም በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በጎንደር ሳለን አባቶቻችን ከውጭ ሰው ጋር ተነካክተው እንደሆነ ሳይታጠቡ ወደ ቤት አይገቡም ነበር። ጎረቤቶቻችን «አትንኩኝ» እያሉ ይጠሩን የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ በዚያ አገር ይሁዲነታችንን ለመጠበቅ አትንኩን ያልነው ሰዎች፣ በዚህ አገር ይሁዲነታችሁ ያጠራጥራልና አትንኩ ተባልን። ይህን የሰማ ሽማግሌ ምን እንደተሰማው ለመናገር ቃል ያጥራል።

የሕዝቡ ቁጣ ወዲያው ተነሣ። ወይኑን አንገዛም የሚሉ ብዙዎች ሆኑ። የሰፋርዲም ዋና ረቢ ይስሐቅ ዮሴፍም ድርጊቱ ዘረኝነት መሆኑን በግልጽ ተናገሩ። እኒህ ረቢ፣ በ1973 ዓ.ም. ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው የወሰኑት የረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ ልጅ ናቸው። አባትየው የሰጡትን ውሳኔ፣ ከ45 ዓመት በኋላ ልጃቸው እንደገና ቆመው መከላከል አስፈለጋቸው ማለት ነው። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ ድርጅቱ ሠራተኞቹን ወደ ቀድሞ ሥራቸው እንደሚመልስ አስታወቀ።

ከዚህ ታሪክ ለአንድ የድርጅት መሪ ምን ትምህርት ይወጣል?

የመጀመሪያው፣ ችግሩ የተወለደው ዜናው የተነገረ ዕለት አለመሆኑ ነው። የተወለደው አንድ የሥራ ኃላፊ አንድን ሠራተኛ «ከነገ ጀምሮ እዚያኛው ክፍል ትሠራለህ» ያለው ዕለት ነው። ያን ዕለት አንድ ሰው ብቻ እንኳ «ይህን ለሠራተኛው ዓይን ዓይኑን እያየን ምክንያቱን ልንነግረው እንችላለን?» ብሎ ጠይቆ ቢሆን ነገሩ እዚያው በቀረ ነበር። ለሰው ፊት ለፊት ሊነገር የማይችል ውሳኔ፣ ሊደረግም የማይገባው ውሳኔ ነው።

ሁለተኛው፣ በዝግ ክፍል የተነገረ ነገር ዝግ ሆኖ እንደማይቀር ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ዛሬ ደግሞ በየኪሱ መቅጃ ያልያዘ ሰው የለም። መሪ የሆነ ሰው ለሸሪኩ የሚናገረውንና ለሕዝብ የሚናገረውን ሁለት ማድረግ አይችልም።

ሦስተኛው፣ ገንዘብን ምክንያት ማድረግ ነገሩን እንደሚያባብስ ነው። ድርጅት ለትርፍ እንደሚሠራ ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ክብሩ ለተነካ ሰው «ለገበያው ብለን ነው» ማለት፣ ክብርህን በዚህን ያህል ዋጋ ሸጠነዋል ማለት ነው።

ከዚሁ ሰፈራችን ሳንወጣ ሌላ ምሳሌ እንጨምር። ኢኬያ በእስራኤል የመጀመሪያውን መደብሩን በ2001 ዓ.ም. የከፈተው እዚሁ ኔታንያ ነው። በ2011 ዓ.ም. በየካቲት ወር በሸባት ቀን መደብሩ በእሳት ነደደ። ብዙዎቻችሁ ጭሱን ታስታውሳላችሁ። መደብሩ እንደገና ተሠርቶ ተከፈተ፤ ገዢውም ተመለሰ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. በየካቲት ወር፣ ድርጅቱ ለሓሬዲም ገዢዎች ሴት የማይታይበት የዕቃ ካታሎግ አሳተመ። በሥዕሉ ላይ አባትና ወንዶች ልጆች ብቻ ነበሩ፤ እናት የለችም። ተቃውሞ ሲነሣ የእስራኤሉ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ይቅርታ ጠየቁ። እንግዲህ አስተውሉ፤ የነደደ ሕንፃ የሚያስቆጣው ሰው የለም፤ ሁሉም ያዝናል፣ ይረዳልም። ሰውን ከሥዕል ወይም ከሥራ ቦታ ማጥፋት ግን ሌላ ዓይነት እሳት ነው። በባርካንም በኢኬያም የሆነው አንድ ነው፤ አንዱን ገዢ ለማስደሰት ሲባል ሌላው ሰው እንዳይታይ ተደረገ።

አሁን ከሁሉ የከበደውን እናንሣ። እርሱም የደሙ ነገር ነው።

በ1996 ዓ.ም. በጥር ወር ማዓሪቭ ጋዜጣ የማኅበረሰባችን ሰዎች ለማጌን ዳቪድ አዶም የሚለግሱት ደም ለዓመታት በምስጢር ሲጣል እንደነበር አወጣ። ምክንያቱ የኤድስ ሥጋት ነው ተባለ። ልጆቻችን በወታደር ቤት ሆነው ክንዳቸውን ዘርግተው የሰጡት ደም ነበር። ጥር 28 ቀን ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ወገናችን በኢየሩሳሌም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለፊት ተሰበሰበ። በሰልፉ ላይ ግጭት ተነሥቶ ከእኛም ከፖሊስም ብዙዎች ተጎዱ። መንግሥትም በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ።

የድርጅት መሪ ልብ ሊለው የሚገባው የሰጡትን ምክንያት ነው። በግልጽ አንቀበልም ብንላቸው ያፍራሉ፣ ስለዚህ ተቀብለን በዝምታ መጣሉ ይሻላል ብለን ነው አሉ። ለእናንተው ክብር ብለን ደበቅናችሁ ማለታቸው ነው። እኛን ያቆሰለን መጣሉ ብቻ አልነበረም፤ ፈገግ ብለው ተቀብለው፣ አመሰግናለሁ ብለው፣ ዞር ስንል መጣላቸው ነው። የሕክምና ሥጋት ካለ ለሰው በግልጽ ማስረዳት ይቻላል። አባቶቻችን ሲናገሩ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ።

ይቅርታ ብቻውን እንደማይበቃም ከዚሁ ተምረናል። ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፣ ማጌን ዳቪድ አዶም በክነሴት ውስጥ ደም ሲያሰባስብ፣ በሦስት ዓመቷ ወደ አገሩ የመጣችው የክነሴት አባል ፕኒና ታማኖ ሻታ ለመለገስ ቀርባ እንደ ማንኛውም ሰው መለገስ እንደማትችል ተነገራት። የክነሴቱ አፈ ጉባኤ ዩሊ ኤዴልስታይን የደም መሰብሰቢያው ከግቢው እንዲወጣ አዘዙ። ሰው ይቅርታ ጠይቆ ደንቡን ሳይለውጥ ከቀረ፣ ያው ደንብ ተመልሶ ያሳፍረዋል።

እንግዲህ ሰው ለምታሠሩ ሁሉ፣ ትልቅም ሁኑ ትንሽ፣ ምክራችን እነሆ።

አንደኛ፣ ከጋዜጠኛው በፊት የተበደለውን ሰው ፈልጉ። ጥፋቱ የደረሰበት ሠራተኛ የአለቃውን ይቅርታ በቴሌቪዥን መስማት የለበትም።

ሁለተኛ፣ የምታውቁትን ቶሎ ተናገሩ፤ ያላወቃችሁትን እያጣራን ነው በሉ፤ መቼ እንደምትመልሱም ቀን ቁረጡ። ያልተጣራ ነገር ተናግሮ በማግስቱ ማፍረስ ከዝምታም ይብሳል።

ሦስተኛ፣ ይቅርታችሁ ይቅርታ ይሁን። «የተቀየመ ካለ ይቅርታ» ማለት ጥፋቱን በተቀየመው ላይ መጫን ነው። «ይህን አድርገናል፣ ስህተት ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ አስተካክለናል» በሉ። መምህራንን ስናሠለጥን ዘወትር የምንለው ነገር አለ፤ በክፍሉ ሁሉ ፊት ያዋረድኸውን ልጅ በቢሮ ጠርተህ ይቅርታ ብትለው አይበቃውም። ኀፍረቱ የደረሰበት ቦታ ላይ ክብሩ ይመለስ።

አራተኛ፣ ሠራተኛው በሚሰማው ቋንቋ ተናገሩ። በዕብራይስጥ ብቻ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ለብዙ እናቶቻችን ባዶ ወረቀት ነው። የሠራተኛውንም ልጅ አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ልጅ የአባቱን ውርደት በገዛ አፉ ሊተረጉም አይገባም።

አምስተኛ፣ አስቀድማችሁ ተዘጋጁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ችግር ሲመጣ ማን እንደሚናገር፣ ሠራተኛው አቤቱታውን ለማን እንደሚያቀርብ ዛሬ ወስኑ።

ይህን የምንለው ለሌሎች ብቻ አይደለም። ከእኛው መካከል አንድ ጋጋሪ ለሠርግ ያቀረበው እንጀራ ተበላሽቶ ተገኘ። ሰው ነውና ይሳሳታል። እርሱ ግን ደንግጦ ስልኩን ዘጋ። እንጀራውን ዛሬ የሚያስታውሰው የለም፤ ስልኩን መዝጋቱን ግን እስከ ዛሬ ያወሩበታል። ያን ዕለት «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሌላ አመጣለሁ፣ ገንዘባችሁንም እመልሳለሁ» ቢል ኖሮ ደንበኞቹን ሁሉ ባላጣ ነበር።

ለሠራተኞች የምንለው ደግሞ ይህ ነው። ያለ ምክንያት ከሥራ ቦታችሁ ብትዛወሩ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ቀኑን፣ የተናገራችሁን ሰው ስምና ቃሉን እቤት ገብታችሁ ጻፉ፤ መጻፍ ካልቻላችሁ የምታምኑት ሰው ይጻፍላችሁ። ብቻችሁን ወደ አለቃ ቢሮ አትግቡ፤ የሠራተኛ ቫዓድ ካለ ይዛችሁ ግቡ። በ1988 ዓ.ም. የወጣው የሥራ ዕድል እኩልነት ሕግ በትውልድ አገር ወይም በሃይማኖት ምክንያት ሰውን በቅጥር፣ በሥራ ሁኔታና በዕድገት መለየትን ይከለክላል። ይህን ሕግ የሚያስፈጽም ኮሚሽንም በመንግሥት ተቋቁሟል። አቤት ማለት ልመና ሳይሆን መብት ነው።

«ዝም በሉ፣ እንጀራችንን እንዳናጣ» የሚሉ ታላላቆች እንዳሉ እናውቃለን፤ አንነቅፋቸውም። በሱዳን በረሃ ያለፈ፣ ልጁን በመንገድ የቀበረ ሰው የሥራን ዋጋ ያውቃል። ደግሞም አክብሮትና ትዕግሥት ያሳደገን ባህል ነው። ነገር ግን ትዕግሥታችንን እንደ መስማማት የቆጠሩ ሰዎች አሉ። ከወይኑ ራቁ የተባሉት ወንድሞቻችን ነገር ተደብቆ ቢቀር ኖሮ እስከ ዛሬ ራቁ እንደተባሉ ይኖሩ ነበር። ወደ ቦታቸው የመለሳቸው ነገሩ በአደባባይ መነገሩ ነው።

ለፖሌግ የድርጅት መሪዎችም አንድ መልእክት አለን። ችግር ሲመጣ የምትጠሩት አማካሪ ከመምጣቱ በፊት፣ በየቀኑ በራችሁን የሚከፍተውንና ወለላችሁን የሚያጸዳውን ሰው ጠይቁ። የድርጅታችሁን እውነት ከማንም በፊት የሚያውቀው እርሱ ነው።

ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ልጆቻችሁ የት ዋላችሁ ይሏችኋል። ስለ ወይኑና ስለ ደሙ ንገሯቸው። የደረሰብንን ብቻ ሳይሆን የመለስነውንም አብራችሁ ንገሯቸው፤ ነገ ከእነርሱ መካከል አንዱ በዚህ ሰፈር የድርጅት መሪ ሆኖ በዚያ ወንበር ይቀመጣልና።