ስምና ስም አውጪው
(ለማኅበራችን አባሎች የተደረገ ንግግር)



ስም ሲጠራ «ማስረሻ» ወይም «ስንታየሁ» በተባለ ቍጥር የሚስቁ ጓደኞች አሉን። ነገር ግን የአገራችን ወላጅ ስም የሚያወጣው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ የቤቱን ታሪክ ይጽፍበታል። ልጅ ሞቶበት ሌላ ሲወለድለት ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ ይላል። መከራ የበዛባት እናት «ስንት አየሁ!» ስትል ልጅዋ ስንታየሁ ይባላል። በኦርቶዶክስ ቤት የክርስትናው ስም ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ከቤተ ክርስቲያን ይሰጣል፤ የዓለሙ ስም ግን የወላጅ ቃል ነው። ስለዚህ ስማችንን በባዕድ ስም ለመለወጥ ከመቸኰላችን በፊት ወላጆቻችንን «ለምን እንዲህ አላችሁን?» ብለን እንጠይቅ። ምክንያቱን ሳያውቁ በስም መሳቅ፣ በእናት ሐዘን መሳቅ ሊሆን ይችላልና።