ክረምትና ጤና ኬላ በአረቅጥ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ተወለድሁበት አገር ስለ አረቅጥ ክረምትና በዚያ ክረምት ውስጥ ሕዝቡን ስለሚያገለግሉት ጤና ኬላዎች ነው። ክረምት በየዓመቱ ቀኑን ቈጥሮ የሚመጣ የቤት ሰው ነው። የጤና አገልግሎታችን ግን እንደ ደራሽ እንግዳ ይቀበለዋል። የንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

አረቅጥ የጉመር ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት። እንሰት፣ ገብስና ድንች ይበቅሉባታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርድባታል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ዝናብ፣ ጉምና በረዶ ይፈራረቁባታል። በእግር ወደ ምዕራብ ወደ ወልቂጤ በኩል የወረደ ሰው ግን ከብርድ አገር ወጥቶ ወባ አገር ይገባል። ደገኛው ለንግድም ለቀን ሥራም ወደ ቈላ ስለሚወርድ የሁለቱም አገር በሽታ ወደ አንድ ቤት ይገባል።

በመጀመሪያ ስለ በሽታው ልናገር። ብርዱ ሲጠና ቤተ ሰቡና ከብቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰበሰባሉ፤ በሩ ይዘጋል፤ ምድጃው ቀኑን ሙሉ ይጨሳል። የሕፃናት የሳንባ ምች የሚበረታው በዚህ ጊዜ ነው። ልብስ ታጥቦ ለመድረቅ ፀሐይ ሲያጣም ቅማል ይራባል፤ ከቅማል ጋራ ተስቦና ግርሻ ይመጣሉ። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ተራው የወባ ነው።

ወባ ደጋ አይወጣም የሚል ቢኖር የ1951 ዓ.ም. መግቢያን ያስታውስ። ያን ጊዜ ዝናቡ ከወትሮው በዝቶ ሙቀቱም ጨምሮ ስለ ነበር፣ ወባው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው አገሮች ድረስ ወጣ። 3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ታመመ፤ 150,000 ያህሉ እንደ ሞተ ተገምቷል። በሽታውን ያልለመደ ደገኛ የመቋቋም ኀይል ስለሌለው ጉዳቱ የከፋ ነበር። ወልቂጤም ቡታጅራም ያሉት በዚሁ የከፍታ ክልል ውስጥ ነው። ነገሩም የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ገደማ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞች ተመዝግበዋል።

ሁለተኛው የመድኃኒቱ ጉዳይ ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ብዙ ሰው የሚፈራው ሙቀቱን ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ እንደ መንጋጋ ቈልፍ ክትባት ያለው በረዶ ከሆነ በኋላ ቢቀልጥም ኀይሉን ያጣል። መብራት በጠፋ ቍጥር፣ የፀሐይ ኀይል የሚጠቀመው ማቀዝቀዣም በጉም ቀናት በደከመ ቍጥር፣ ሠራተኛዋ የሙቀት መለኪያውን ጧትና ማታ ካላየች፣ የተበላሸ ክትባት ለሕፃን ሊሰጥ ይችላል። እናት ልጄ ተከትቧል ብላ ትሄዳለች፤ ልጁ ግን አልተከተበም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚብሰው መንገዱ ነው። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መሠረት ለ5,000 ያህል ሕዝብ አንድ ጤና ኬላ፣ ለአንድ ጤና ኬላም ሁለት ሴቶች ሠራተኞች ተመድበዋል። ሥራው ቤት ለቤት በእግር የሚሠራ ነው፤ በበጋ መልካም ይሄዳል። በሐምሌ ግን ወንዙ ሲሞላና ጭቃው ጕልበት ሲደርስ ሠራተኛዋ ወደ መንደሩ፣ ሕመምተኛውም ወደ እርስዋ መድረስ ይሳነዋል። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተይዛ ትወጣለች። ተሸካሚ አይጠፋም፤ ጉራጌ ለዚህ አይሰንፍም። ነገር ግን ደም የሚፈሳት ሴት የተሸካሚዎቹን እግር ልትጠብቅ አትችልም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መልሱን ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያሻንም። ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ላይ የአጣጥ ሆስፒታል አለ። እዚያ ሥጋት ያለባት ነፍሰ ጡር መውለጃዋ ሲቃረብ አስታማሚዋንና ስንቋን ይዛ መጥታ በእናቶች ማቆያ ትሰነብታለች። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 በሆስፒታሉ የወለዱ 24,148 እናቶች መዝገብ ተመርምሮ ነበር። በማቆያው ሰንብተው ከወለዱት መካከል የሞቱት እናቶች ለ100,000 ልደት ሲሰላ 90 ያህል፣ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን 1,333 ነበሩ። ሞተው የተወለዱት ሕፃናትም ከ1,000 ልደት በማቆያዎቹ 18 ያህል፣ በሌሎቹ 191 ሆነው ተገኙ።

እርግጥ ነው፣ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ነገሩ ከከፋ በኋላ የደረሱ ስለሚሆኑ ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ሥራ ነው ማለት አይቻልም። ግን ይህ ራሱ የምለውን ያስረዳል። ከጭንቁ በፊት የደረሰች እናት ትድናለች።

«መንገዱ ይሠራ እንጂ ማቆያ ቤት ምን ይረባል?» የሚል ወንድም ይኖር ይሆናል። መንገድ ይሠራ የሚለውን እኔም እደግፋለሁ፤ የጉራጌ ሕዝብ በ1950ዎቹ ገንዘቡን አዋጥቶ መንገድ በማሠራት የታወቀ ነው። ሆኖም መንገዱ እስኪደርስ የዘንድሮዋ ነፍሰ ጡር አትቆይም። ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ማቆያ ቤት ተሠርቷል፤ ነገር ግን ብርድ ልብስ፣ ማገዶና ቆጮ የሌለበት ቤት ለጉመር ሴት ማቆያ ሊባል አይችልም።

ስለዚህ የማሳስበው የጤና ሥራችን እንደ ገበሬው በወቅት እንዲታረስ ነው። ገበሬ በሐምሌ ሞፈር አይቈርጥም። እንዲሁም ግንቦት ሳያልቅ የክረምቱ መድኃኒት ጤና ኬላ ይግባ፤ በሐምሌና በነሐሴ የሚወልዱት እናቶች በስም ተመዝግበው አስቀድመው ይጠሩ፤ ቃሬዛና ተሸካሚ በየመንደሩ ይመደብ፤ የወባ መመርመሪያውም ዝናቡ ሳያባራ ይድረስ።

እኛስ? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በቡታጅራ ገጠር ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት እያስመዘገበ ብዙ ትምህርት አግኝቶበታል። እኛም ክረምት ወደየቤታችን ስንመለስ በየቀበሌያችን የትኛው ወንዝ በየትኛው ወር እንደሚዘጋ፣ ከጤና ኬላው ወዲያ ማዶ ስንት ቤት እንደሚቀር ጽፈን መምጣት እንችላለን። ለዚህ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። የምህንድስና ተማሪው ድልድዩን፣ የጤና ተማሪው መድኃኒቱን፣ የጂኦግራፊ ተማሪው ካርታውን ይያዝ። ማኅበራችንም የተሰበሰበውን አጠናቅሮ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ከግንቦት በፊት እንዲያቀርብ ይህን አሳብ ለውይይት አቀርባለሁ።