ለየፕሮጀክቱ ሶፍትዌር ወይስ የጋራ ሥርዓት?

አቅራቢ 1፦ ብዙ የልማት ፕሮጀክት ገና ሲጀመር የራሱን የመረጃ ሶፍትዌር ያሠራል፤ በጀቱ ሲያልቅ ግን የሚጠግነው ይጠፋል፣ መረጃውም አብሮ ይቀራል። የጤና ጣቢያ ባለሙያም ያንኑ የክትባት ቁጥር በየለጋሹ ቅጽ ደጋግሞ ይሞላል። ስለዚህ የጋራውን ሥርዓት ወስዶ ለራስ ማበጀት ይሻላል ባይ ነኝ። ዲኤችአይኤስ 2 የተባለውን የጤና መረጃ ሥርዓት ተመልከቺ፤ ከአፓርታይድ ማግሥት በደቡብ አፍሪካ የተጠነሰሰ፣ ዛሬ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት የሆነ ነው። የእኛም ጤና ሚኒስቴር ይጠቀምበታል።

አቅራቢ 2፦ ግን እኮ አንድ ልብስ ለሁሉም ልክ አይሆንም። የትምህርት ፕሮጀክትና የክትባት ዘመቻ መለኪያቸው ለየቅል ነው። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌስ እንዴት ሊሆን ነው?

አቅራቢ 1፦ ቅጹንም መለኪያውንም ኮድ ሳይጽፉ መቀየር ይቻላል፤ በትምህርት መረጃም ይሠራበታል። የስልኩ መተግበሪያ ደግሞ ያለ ኔትወርክ መዝግቦ፣ ሲገኝ ይልካል። ከሁሉም የሚበልጠው ማጣራቱ ነው፦ ሦስተኛውን የፔንታ ክትባት የወሰዱት ሕፃናት የመጀመሪያውን ከወሰዱት ከበለጡ፣ አስቀድሞ የተቀመጠለት ደንብ ቁጥሩ ይመርመር ይላል።

አቅራቢ 2፦ ቢጠቁምስ፣ መዝገቡን ገልጦ የሚያመሳክር ባለሙያ ከሌለ ምን ዋጋ አለው?

አቅራቢ 1፦ ልክ ነሽ፤ ለየብቻ ሶፍትዌር የሚወጣው ገንዘብ ለዚያ ባለሙያ ሥልጠና ይዋል የምለውም ለዚሁ ነው።