ዘንዶውን የሚመግበው ማነው?

 

ልጆቻችን በፊልምም በመጽሐፍም ስለ ዘንዶ ብዙ ይሰማሉ፤ «እውነት ነው ወይ?» ብለውም ይጠይቁናል። መልሱ አጭር ነው፦ ተረት ነው። የሙስሊም እምነት በተረት ላይ አይገነባም። ሆኖም የጥንት ሕዝቦች ፍርሃታቸውን በተረታቸው ውስጥ አስቀምጠውልናልና ማወቁ ይጠቅማል።

ባቢሎናውያን ማርዱክ የተባለው ጣዖታቸው ቲያማት የምትባለውን የባሕር ፍጡር ገድሎ፣ አካሏን ለሁለት ሰንጥቆ ሰማይና ምድርን አበጀ ይሉ ነበር። ይህንንም በሰባት የሸክላ ጽላት ጽፈው በአዲስ ዓመት በዓላቸው ያነበንቡት ነበር። እኛ ግን አላህ (ሱ.ወ.) ሰማያትንና ምድርን ያለ ተቀናቃኝና ያለ ድካም እንደፈጠረ እናምናለን።

የፋርሶች ዘንዶ ደግሞ ሦስት ራስ ነበረው። ፊርደውሲ በ1010 እ.ኤ.አ. ባጠናቀቀው «ሻህናሜ» ውስጥ ይኸው ዘንዶ ዘሃክ የተባለ ንጉሥ ሆኖ ይገኛል። ሰይጣን ትከሻውን ቢስመው ሁለት እባቦች በቀሉበት። ምግባቸው የሰው አንጎል ነበርና በየቀኑ ሁለት ወጣቶች ይታረዱ ነበር። በ310 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ታላቁ ሊቅ ጦበሪም ይህን ወሬ በታሪክ መጽሐፋቸው መዝግበውታል።

ሩቅ አንሂድ። የአክሱም አፈ ታሪክም አርዌ የሚባል ዘንዶ ነግሦ ሕዝቡ ልጃገረዶችንና ከብቶችን ይገብርለት እንደነበር ይተርካል።

ውድ አድማጮች! በእነዚህ ተረቶች ውስጥ ዘንዶው ብቻውን አልኖረም፤ የኖረው መጋቢ ስላገኘ ነው። በሰሜን ጎንደር ደጋዎች እኛም የምንመግበው ዘንዶ አለን። እርሱም ደም መመለስ ነው። አንዱ ቤት ልጁን ይቀብራል፤ ሌላው ቤት ተራውን ይጠብቃል። በድንበር ወይም በመጠጥ ቤት የተጀመረ ጠብ ገና ያልተወለደውን ልጅ ደመኛ ያደርገዋል። «የአባቱን ደም ያልመለሰ» እያልን ወጣቱን የምንወጋው፣ በለቅሶ ላይ የምንፎክረው እኛው አይደለንምን?

በዘሃክ ታሪክ ሁለት ደጋግ ሰዎች ወጥ ቤት ገብተው ተቀጠሩ። ሁለቱን ወጣቶች ማዳን ባይችሉ የበግ አንጎል እየቀላቀሉ በየቀኑ አንዱን አትርፈው ወደ ተራራ ይሸኙት ነበር። ካዌ የተባለው ቀጥቃጭም ንጉሡ ፍትሐዊ ነው ብሎ እንዲመሰክር ወረቀት ቢሰጡት ቀዶ ጣለው።

ተረት ቢሆንም ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሁሉን ማዳን ባንችል አንዱን እናድን። ለወገን ተብሎ የሚሰጥ የሐሰት ምስክርነትም ዘንዶውን መመገብ ነው።

ይህ ደግሞ ተረት አይደለም፦ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ በስንብት ሐጅ ኹጥባቸው የጃሂሊያን የደም በቀል ሁሉ ሲሽሩ፣ መጀመሪያ የሻሩት የገዛ ዘመዳቸውን የረቢዓን ልጅ ደም ነበር። «ጠላቶቻችን ይተዉ፣ ከዚያ እንተዋለን» አላሉም። ቁርኣንም ለሟች ወገን መብት ቢሰጥም ወሰን እንዳያልፍ ከልክሏል፤ ይቅር ላለም ምንዳው አላህ ዘንድ ነው ብሏል።

ስለዚህ ገዳዩ ለሕግ ይቅረብ፤ ወንድሙና የአጎቱ ልጅ ግን ባልሠሩት አይጠየቁ። ደም አድራቂ ሽማግሌዎች ሲመጡ በር አንዝጋ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ገበያ የሚገበያይ፣ በአንድ ለቅሶ የሚቀመጥ ነውና ይህ የሁላችንም ሥራ ነው። እናቶችም ለልጆቻችሁ ቂምን አታውርሱ።

ፋርሶች ዘሃክ አልሞተም፣ በደማቫንድ ተራራ በሰንሰለት ታስሯል ይላሉ። በቀልም እንዲሁ ነው፤ ሰንሰለቱን በየትውልዱ ማጥበቅ ይጠይቃል። አላህ ልባችንን ያርቅልን። ወሰላሙ ዓለይኩም።